እጅ የማይለቀቅበት ዳገት

ጂቱ ልጇን የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የአባቱን ትከሻ ከገመድ እንዲያወጣላት።

ልጇ በዳዳ ከባሕር ማዶ ከተመለሰ ዓመት አልሞላውም። በልጅነቱ በየካ በኩል ያለፈ አንድ ፈረንጅ አናጢ የልጁን የእጅ ቅልጥፍና አይቶ፣ ጥበብ አስተምሬ እመልስላችኋለሁ ብሎ ወስዶት ነበር። ፈረንጁ ጀርመን አገር ከገባ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ልጁ ግን እዚያው በሰው ቤት አደገ፤ መጀመሪያ የሚስዮን ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎ የወፍጮና የሠረገላ መንኮራኩር የሚሠራበት ቤት ገባ። ትምህርት ቤቱ በግንብና በሥዕል ፊት መስገድ ከንቱ ነው ብሎ አስተማረው። የመንኮራኩር ቤቱ ሰዎች ደግሞ የትምህርት ቤቱም ጸሎት ያው ከንቱ ነው እያሉ ሳቁበት። እሱ ሁለቱንም ሰማ፤ አንዱንም አጥብቆ ሳይዝ ቀረ። ሲመለስ ይዞት የመጣው አንድ የመሣሪያ ሣጥንና ዕረፍት የማይሰጥ ልብ ነበር። እዚያ ሳለ አገሬ፣ አገሬ ሲል ኖረ፤ እዚህ ሲመጣ ደግሞ ዓይኑ ወደ መንገዱ ያማትራል። አንደበቱ እንኳ ተደባልቆበታል። እናቱ በኦሮምኛ ስትጠይቀው በአማርኛ ይመልሳል፤ በሕልሙ የሚለፈልፈውን ግን ከቤቱ የሚረዳለት የለም።

ከተማው ያን ጊዜ ገና በእንጦጦ ራስ ላይ ነው። ከታች ከፍል ውሃው አጠገብ ድንኳን የሚተክሉ ቢኖሩም፣ ንፋሱንና ቁሩን ችሎ ተራራው ላይ የሚኖረው ይበዛል። ለላይኛው ግቢ አዲስ የድንጋይ ግምጃ ቤት ይሠራ ስለተባለ፣ ከየካ ሥር የሚፈለጠው ድንጋይ ቀበናን ተሻግሮ ያን ሁሉ ዳገት መውጣት አለበት። የሚያወጣው የአካባቢው ገባር ነው፤ ሂርጳም፣ የበዳዳ አባት፣ ገባር ነው። በወጣትነቱ ጀምሮት ቢሆን ኖሮ ምንም አልነበረም። አሁን ግን ደረቱ ያፏጫል፣ የቀኝ ትከሻው ደግሞ የመጎተቻው ጠፍር የላጠው ቁስል ሊሽር ሲል እንደገና ይላጣል። ማታ ማታ ጂቱ ቅቤ ስትቀባው ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል።

"ይህን ሁሉ ዘመን ተማርክ፣" አለችው ልጇን አንድ ቀን፣ አባቱ ከብቶቹን ሊያስገባ እንደወጣ። "ከተማርከው ውስጥ ይህን ትከሻ የሚያሳርፍ የለበትም?"

በዳዳ አፍሮ የመሣሪያ ሣጥኑን ከፍቶ ዘጋው። በማግስቱ ግን ገና ሳይነጋ ወደ ድንጋይ ማውጫው ወረደ።

ድንጋዩ የሚጫነው በአንድ ትልቅ ጋሪ ላይ ነው። ጋሪውን ከዓመታት በፊት ሌላ ፈረንጅ ሠርቶት ነው የሄደው። የሚሽከረከሩት የኋለኞቹ እግሮች በተገጠሙበት ዘንግ ላይ የወይራ ጥርስ የተተከለበት መንኮራኩር አለ። ከሱ ጋር የሚነካከስ ሌላ ትንሽ መንኮራኩር ደግሞ በጋሪው ግራና ቀኝ ሁለት እጀታ አለው። ሰዎች ግራና ቀኝ እየሄዱ እጀታውን ሲያዞሩ ጋሪው ያለ በሬ ይሄዳል ተብሎ ነበር። በሜዳ ላይ እውነትም ሄደ፤ አገሩ ወጥቶ ተደነቀ። ዳገቱ ሥር ሲደርስ ግን እጀታው አልዞር አለ፤ የያዙትን ሰዎች ከመሬት አንሥቶ አንጠለጠላቸው፤ ይህም ራሱን የቻለ ጨዋታ ሆኖ ለብዙ ጊዜ ተወራ። ከዚያ ወዲህ እጀታውን የሚነካው የለም። ጋሪውን የሚያወጣው ገመድ የሚጎትት ሰልፍ ነው፤ ከኋላው ከእግሮቹ ሥር የድንጋይ ታኮ የሚጥሉ ሰዎች ይከተላሉ። ከፈረንጁ ሥራ ያገለገለው ምላሱ ብቻ ነው፤ ከመንኮራኩሩ ጥርሶች መካከል ቀጭ፣ ቀጭ እያለ የሚወድቅ አጭር እንጨት፣ ጋሪው ወደኋላ እንዳይንሸራተት የሚይዝ።

የዚያን ቀን በዳዳ ከሰልፉ ጋር እስከ ላይ ወጣ። ዜማውን የሚያወጣው ፉፋ ነበር፣ በልጅነቱ አብሮት ጥጃ የጠበቀ። መንገዱ ራጉኤል ጋ ሲጠመዘዝ፣ ከጥዶቹ መካከል የቤተ ክርስቲያኑ ጣራ ብቅ ሲል፣ ፉፋ ዜማውን ከመካከሉ ቆረጠው። ታኮ ጣዮቹ ድንጋያቸውን ከእግሮቹ ሥር ወሸቁ፣ ምላሱም ወደቀ፣ ገመዱ ከሁሉም ትከሻ ላይ ባንድ ጊዜ ተለቀቀ። ሰዉ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ወደ ደጁ ዞሮ፣ እስከ መሬት ጎንበስ ብሎ ተሳለመ። በዳዳ ብቻ ቆሞ ቀረ፤ ዓይኑ መንኮራኩሩ ላይ ነበር።

"ምን ነካህ?" አለው ፉፋ ቀና ሲል። "ፈረንጆቹ ወገብህን በምስማር መትተው ነው እንዴ የላኩህ?"

ሰዉ ሳቀ። ሂርጳ አልሳቀም፤ ጠፍሩን አንሥቶ ወደ ትከሻው መለሰ።

ማታ፣ ምድጃው አጠገብ፣ ሂርጳ ነገሩን ራሱ አነሣው። የራጉኤል የወር በዓል ሩቅ እንዳልሆነ ተናገረ፤ ስለ እህሉ፣ ስለ ዝናቡ ጥቂት አወራ፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ደጁ ከተሠራ ጀምሮ የተሳለምኩት አንተን መልስልኝ እያልኩ ነው" አለ። "መለሰልኝ። አንድ ቀን ከጎኔ ቆመህ፣ አብረን ጎንበስ ብለን፣ ራጉኤልን ይኸው ብለው ደስ ይለኝ ነበር።"

"አባዬ፣ ልቤ ያልያዘውን በጉልበቴ ባደርገው እርስዎንም ማታለል ነው።"

ሂርጳ እሳቱን ቆሰቆሰ። አልገድድህም አለ። እንዳልተቆጣ ያስታውቃል፤ በዳዳን ሌሊቱን ሙሉ ያገላበጠውም ይኸው ነው። ቢቆጣ መልስ ነበረው።

ከዚያ በኋላ በዳዳ ከማውጫው አልወጣም። ፈረንጁ የሠራው ሥራ ለሜዳ የተሠራ መሆኑን አውቋል፤ እጀታው ሁለት ጊዜ ሲዞር የጋሪው እግር አንድ ጊዜ ይዞራል። ለዳገት ይህ አይሆንም። ዘንጉ ላይ ያለውን መንኮራኩር አውጥቶ በእጥፍ የሚበልጥ፣ ጥርሱም የበዛ መተካት፣ ትንሹን ደግሞ ይበልጥ ማሳነስ አለበት። ጥድ ፈለጠ፣ ወይራ ጠረበ፣ ጥርስ በጥርስ እያስገባ ሞረደ። ከተመለሰ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እጁም ልቡም አንድ ቦታ ዋሉ። ሂርጳ ተራው ባልሆነበት ቀን እየመጣ እንጨት ይይዝለት ነበር፤ ሁለቱም ብዙ አይናገሩም፣ ግን ደስ ይላቸው ነበር።

መንኮራኩሩ የተገጠመ ለት በዳዳ ባዶውን ጋሪ በግንድ ላይ አንጠልጥሎ ለአባቱ አዞረለት። ሂርጳ እጀታውን በሁለት ጣቱ ገፋ አደረገው፤ ያ ግዙፍ እግር ዝግ ብሎ ተንቀሳቀሰ።

"ይህ ሁሉ ጉልበት ከየት መጣ?"

"ከየትም አልመጣም። ከፍጥነቱ ቀንሰን ነው ያመጣነው። እግሩ አንድ ዙር ሲዞር እጀታው ስድስት ጊዜ ይዞራል። እዚያ ቀስ የሚለው እዚህ ይፈጥናል።"

ሂርጳ አሰበበትና ጥርሱ ታየ። "አህያዋ ቆማ ባለቤቱ ይሮጣል በለኛ።"

"እንደዚያው ነው፣ አባዬ።"

በየካ በኩል ካለው ተረተር ላይ ሞከሩት። ሁለት ሰው ሙሉ ጭነት አወጣ፤ መካከል ላይ ሲያቆሙትም ባንድ ባንድ እጃቸው ያዙት። ምላሱ ግን አልደረሰም። አሮጌው ምላስ ለአሮጌው መንኮራኩር የተሠራ ነው፤ ከአዲሱ ጥርስ ጋር አይገናኝም። በዳዳ አዲስ ጠርቦ ነበር፤ እንጨቱ እርጥብ ነበርና ተሰነጠቀ። ሌላ ጠርቦ በጥላ እንዲደርቅ ሰቀለው።

ያን ሰሞን የሥራው አዛዥ ባላምባራስ ዓምደ ሚካኤል ከላይ ወረዱ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ሰማዩ ከብዷል፣ ሰዉ ደግሞ እርሻው ላይ መዋል እንዳለበት ያውቃሉ። ጋሪውን ሲያዞሩት አይተው ተገረሙና፣ ነገ ይወጣል ወይ ብለው ጠየቁ። በዳዳ ይወጣል አለ፤ ምላሱ ብቻ እስኪደርቅ ቢታገሡ አለ።

"ሲሞከር በምን ቆመ?" አሉት።

"በእጅ ያዙት።"

"እንግዲያ እጀታውን የያዘ ሰው አይበቃም?"

በዳዳ በልቡ ዳገቱን ሳለው። ክብደቱን አሰበ፣ ቁልቁለቱን አሰበ፣ የእጀታውን ርዝመት አሰበ። ሁለት ሰው፣ ደካማም ቢሆኑ፣ ይይዙታል። በልቡ በሳለው ዳገት ላይ ጭነት ነበር፣ መንገድ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን አልነበረም።

"ይበቃል፣ ጌታዬ" አለ።

ባላምባራስ ወዲያው ገመድ ጎታቹንም ታኮ ጣዩንም ወደ እርሻችሁ ሂዱ ብለው አሰናበቱ። ሰዉ በዳዳን መረቀው። አንዳንዱ እጁን ሊስም ሲቃጣው በዳዳ ሸሸ። ጂቱ የሰማች ለት ጠፍሩን ከተሰቀለበት አውርዳ ከመደቡ ሥር ወረወረችው።

በማግስቱ ማለዳ ጋሪው ተጫነ። በቀኝ እጀታ ተራው የደረሰው ሂርጳ፣ በግራው ፉፋ ቆሙ። በዳዳ መንገድ የሚያውክ ጠጠር ለመልቀም ከፊት ሊሄድ ሆነ። ከመነሣታቸው በፊት ወደ አባቱ ተጠግቶ፣ "ሲደክምዎ ድምፅዎን ያሰሙኝ፤ ከእግሮቹ ሥር ድንጋይ እወሽቃለሁ። ደክሞኝ ነው ብለው ግን እጅዎን እንዳይለቁ" አለው። ሂርጳ ሰማሁ አለ። ለፉፋም ይህንኑ ነገረው።

ጋሪው ተንቀሳቀሰ። ዝግተኛ ነው፤ ኤሊ ይቀድመዋል። ፉፋ እንደ ልማዱ ዜማ አወጣ፤ ዜማው ግን ለገመድ የተሠራ ነውና ከእጀታው ዙር ጋር አልገጥም ብሎ ሁለት ጊዜ ተሰበረበት። በዚህ ጋሪ ፍጥነትስ ለቅሶ ቤት የሚዜም ነው የሚያሻው ብሎ አሾፈና ሌላ ረዘም ያለ አገኘ። ቀበናን ተሻገሩ። ዳገቱን ጀመሩ። የሂርጳ ደረት እምብዛም አላፏጨም። እጀታውን እያዞረ ግራ ቀኙን ያያል፤ የማንን አጥር፣ የማንን ማሳ፣ የትኛው ጥድ እንደተቆረጠ፣ እያየ ይናገራል።

"ፉፋ፣" ይላል፣ "ይህ ሁሉ እዚህ ነበር እንዴ? በገመድ ስወጣ ያየሁት የፊቴን ሰው ተረከዝ ብቻ ነው።"

በዳዳ ከፊት ሆኖ ይህን ሰማ። ጎንበስ ብሎ ድንጋይ እያነሣ ነበር፤ ፊቱን ሳያዞር ፈገግ አለ። ከዚያ በኋላ በኖረበት ዘመን ሁሉ ያችን ቅጽበት ደጋግሞ ይመለስባት ነበር። ዞሮ አባቱን አለማየቱ ቆጨው፤ ያን ፊት አንድ ጊዜ ማየት ይችል ነበር።

መንገዱ ራጉኤል ጋ ተጠመዘዘ። ዜማው ቆመ።

በዳዳ መጀመሪያ ደክሟቸው ያረፉ መሰለው። እጁ ላይ ያለውን ድንጋይ ወደ ገደሉ ወረወረና ዞረ። ፉፋ በዚያ በኩል ፊቱን ወደ ጥዶቹ መልሷል። አባቱ በዚህ በኩል ነጠላውን እያጣፋ ነው። በሁለት እጁ እያጣፋ ነው። ድካም አልተሰማውም፤ የተነገረው ስለ ድካም ነበር። ልጅ ሆነ ሽማግሌ፣ በዚህ ዳገት ሸክም የወጣ ሰው ሁሉ እዚህ ቦታ እጁን ይለቃል፤ ከኋላው ታኮ የሚጥል አለ፤ እንዲያ ነው የኖረው። ዛሬ ታኮ ጣዮቹ እርሻቸው ላይ ናቸው።

በዳዳ ጮኸ። ከአፉ የወጣው ግን በመንኮራኩር ቤቱ ሲጮህ የኖረበት የጀርመኖቹ ቃል ነበር፤ ያዝ የሚለው ቃል፣ ያዝ መሆኑን ከሱ በቀር እዚያ ዳገት ላይ ማንም የማያውቀው። ሂርጳ ድምፁን ሰምቶ ጎንበስ እንዳለ ራሱን ወደ ልጁ ዘንበል አደረገ።

ጋሪው ወደኋላ የሄደው በጣም ጥቂት ነበር፤ መጀመሪያ። እግሮቹ ዝግ ብለው ሲዞሩ እጀታው ግን ተፈተለከ። እዚያ ቀስ የሚለው እዚህ ይፈጥን ነበር። እጀታው ጎንበስ ያለውን ራስ መታው።

ጋሪው ከዚያ በኋላ ፍጥነት አግኝቶ ከመንገዱ ወጣ፣ ከቦዩ ገብቶ ተገለበጠ፣ ድንጋዩም ተንከባልሎ ከአንድ ጉቶ ላይ ቆመ። ይህን ያየው ፉፋ ነው። በዳዳ አላየም።

ሂርጳ ቤቱ ሳይደርስ በመንገድ ላይ አረፈ። ካህናቱ እየተሳለመ ነው የሞተው ብለው ከቅጥሩ ውስጥ፣ ከአንድ ትልቅ ጥድ ሥር ቦታ ሰጡት። ለቅሶ የመጣው ሁሉ መልካም አሟሟት ነው አለ፤ ከደጁ ፊት፣ ጎንበስ ብሎ፣ እንዲህ ያለ ሞት ለማን ይሰጣል አለ። ባላምባራስ መጡ፣ ተቀምጠው አለቀሱ፣ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ብለው በዳዳን አጽናኑት። ፉፋ ፊቱን ነጭቶ ደም በደም አደረገውና፣ እኔም ለቅቄ ነበር፣ እኔም ለቅቄ ነበር ይል ነበር። በዳዳን ማንም አልወቀሰውም። አንድ ሰው ወጥቶ ያንተ ነው ቢለው ምናልባት መተንፈስ ይችል ነበር።

ለቅሶተኛው ከተመለሰ በኋላ ጂቱ ልጇን ጠራችው። መደቡ ላይ ተቀምጣ ነበር። ዓይኗ ደርቋል።

"እጅህን እንዳትለቅ ብለኸው ነበር አሉ።"

"ብያቸዋለሁ፣ እማዬ።"

"ራጉኤል ጋም ብለኸው ነበር?"

በዳዳ ከመደቡ ፊት መሬት ላይ ተቀመጠ።

"አላልኳቸውም። ራጉኤልን አላሰብኩትም።"

ጂቱ ራሷን ነቀነቀች። ከመደቡ ሥር ጎንበስ ብላ ጠፍሩን አወጣችና፣ አቧራውን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ፣ በቀድሞ ቦታው ሰቀለችው።

ክረምቱ ገባ። በዳዳ ሊሄድ አሰበ። ወደ ምጽዋ የሚወርዱ ነጋዴዎች መቼ እንደሚነሡ ጠየቀ፣ ሣጥኑን አዘጋጀ፣ ከዚያ መልሶ ፈታው። እዚያም ሄዶ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ መንኮራኩር መሥራት፣ መዞሩን ማየት። ጥላ ሥር የሰቀለው ምላስ ደርቆ ነበር። አወረደው። አልተሰነጠቀም፤ ብረት ሆኗል። ሁለተኛ ደግሞ ጠረበና ለዚያም መድረቂያ ሰጠው።

መስከረም ሲጠባ ባላምባራስ ልከው፣ ጋሪው ይጠገን ይሆን፣ አለዚያ ሰዉን ወደ ገመዱ እንመልስ ብለው አስጠየቁት። በዳዳ ይጠገናል አለ። ዘንጉን አቃና፣ የተሰበሩትን ጥርሶች ተካ፣ ሁለቱን ምላስ በግራና በቀኝ ገጠመ። ሙሉ ጭነት አስጭኖ ተረተሩ ላይ አወጣው፤ ሁሉም ከእጀታው እንዲርቅ ነግሮ ለቀቀው። ጋሪው ንቅንቅ አላለም። እንደገና ለቀቀው። እንደገናም። ሰዉ እስኪሰለች ድረስ ለቀቀው።

ጋሪው ዳገቱን ሲወጣ በዳዳ በቀኝ እጀታ፣ በአባቱ ቦታ ቆመ። ፉፋ በግራው ነበረ። አሁን ከኋላቸው ታኮ የያዙ ሁለት ሰዎችም ይከተላሉ፤ በዳዳ ያለነሱ አልነሣም ብሎ ነው። ፉፋ ያን ረጅሙን ዜማ አላወጣውም። ምላሶቹ ቀጭ፣ ቀጭ ይላሉ።

ራጉኤል ጋ ሲደርሱ ጋሪው ቆመ። ምላሶቹ ወደቁ፣ ታኮው ተወሸቀ። ፉፋ እጁን ከማንሣቱ በፊት በጋሪው ላይ አሻግሮ በዳዳን አየው።

"ልቀቅ እንጂ፣" አለው። "ምላሱ ይዞታል።"

"አውቃለሁ። እናንተ ተሳለሙ።"

"እስቲ ዛሬ እንኳ፣ አንተ ሰው። ለአባትህ ስትል።"

"ተሳለሙ፣ ፉፋ። እኔ ይዣለሁ።"

ፉፋ እጁን ከእጀታው አነሣ። ነጠላውን አጣፍቶ ጎንበስ አለ፤ ታኮ ጣዮቹም ጎንበስ አሉ። በዳዳ ቆሞ ቀረ፣ እንደ መጀመሪያው ቀን። ከጥዶቹ መካከል ጣራው ይታያል። ከጣራው ወዲህ ያ ትልቁ ጥድ፣ ከሥሩ ዝናብ ያጠበው አዲስ አፈር። እምነት ይሁን ልማድ፣ ወይም ሁለቱም ያልሆነ ሌላ ነገር፣ ወገቡ ውስጥ የሆነ ነገር ሊጎብጥ ሲል ተሰማው። እጆቹ ግን እጀታውን አልለቀቁም።

የጋሪው ክብደት መዳፉ ላይ እንዲመጣበት ጠበቀ። አልመጣም። ምላሱ በደንብ ይዞ ነበር፤ እጀታው በእጁ ውስጥ ምንም ሳይገፋው፣ ሳይጎትተው፣ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ቢገፋው በወደደ ነበር።